ለክርስትናው ብዬ የዋጥኩት ኪኒን

ጥፋቱ የኔም አለበት፤ ይህን አስቀድሜ ተናግሬ ልገላገል። ሰው ሁሉ ታሪኬን ሲሰማ "አይ እህቴ፣ ምን አገኘሽ" ይለኛል፣ ከንፈሩን ይመጣል፣ ከዚያ ቤቱ ሄዶ እኔ ያደረግኩትን ያንኑ ያደርጋል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤቴ ወልዳ ልጠይቃት ገባሁ። ልጇን ላቅፍ ጎንበስ ስል ከትራሷ ሥር የኪኒን እሽግ አየሁ። "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ብላት "የእህቴ ነው፤ ለሷ በጣም ተስማምቷት ነበር" አለችኝ። የኔን ጉድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምታውቅ ሴት ናት፤ ሆስፒታል ስተኛ አልቅሳልኛለች። እሽጉን አንስቼ ይዤው ወጣሁ። ተቀይማኛለች፤ ትቀየም። ቤቴ ገብቼ ከትልቋ ልጄ ደብተር ወረቀት ገንጥዬ ይህን መጻፍ የጀመርኩት በዚያው ንዴት ነው።

የምኖረው መንዝ ነው፣ ከሞላሌ በእግር ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ ቀበሌ። ባሌ ደምሴ ገብስ ያርሳል፣ በግ ያረባል፤ እኔ ደግሞ የበግ ጠጉር እፈትላለሁ። ከሱ የሚሸመነውን የኛን አገር ብርድ ልብስ፣ ባናውን፣ የለበሰ ሁሉ የሸማኔውን እጅ ያመሰግናል እንጂ ክሩን ማን እንደፈተለው አይጠይቅም። ክሩ መወፈር መቅጠኑን የሚያውቀው ዓይን አይደለም፣ የጣት ጫፍ ነው። ይህን የምነግራችሁ ኋላ የደረሰብኝ እንዲገባችሁ ነው። እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሬያለሁ፣ ማንበብ አላነሰኝም፤ ማስተዋል ነው ያነሰኝ።

ሦስተኛ ልጄን የወለድኩት ጤና ጣቢያ ነው። የትኛው እንደሆነ አልጠራም፤ ጠቤ ከሰው ጋር አይደለም። ምጡ ቀላል ነበር፤ የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ግን ደሜ አልቆም አለ። ከአልጋው ሥር ሲንጠባጠብ ይሰማኝ ነበር። አዋላጇ ነርስ ጭኔ ላይ መርፌ ወጋችኝ፣ ሆዴን እያሸች ማኅፀኔ እስኪጠጥር ድረስ አልለቀቀችኝም። ያ መርፌ ባይኖር ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ስለዚህ መድኃኒቱን ልታሙት ያሰባችሁ ካላችሁ ተዉት፤ በቦታው አድኖኛል።

በማግስቱ ስንወጣ የዚያኑ መድኃኒት ኪኒን ሰጠችኝ። "ስሙ ኤርጎሜትሪን ነው" አለችኝ። "ማኅፀንሽን ጨምድዶ ደሙን ያቆመዋል። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለሦስት ቀን ብቻ። ግፊት ያለባት ሴት አትወስደውም፤ ያንቺን ለክተናል፣ ደህና ነው። ራስሽን በኃይል ካመመሽ፣ ደረትሽን ካፈነሽ፣ እጅ እግርሽ ከደነዘዘ ወይ ከቀዘቀዘ አቁሚውና ነይ። ሌላ መድኃኒት የሚያዝልሽ ሰው ካለ ይሄን እየወሰድሽ እንደሆነ ንገሪው።"

ሁሉንም ብላኛለች፤ አልዋሽባትም። ግን ያለችኝ ጓንቷን እያወለቀች ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ሌላ ሴት ታምጣለች፣ ደምሴ "መኪናው ሊሄድ ነው" እያለ ከበር ይጣራል፣ አማቴ እማማ የሺ ደግሞ ልጁን ገልጠው ወንድነቱን ለሦስተኛ ጊዜ ያረጋግጣሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከዚያ ሁሉ ቃል ጆሮዬ ይዞ የቀረው "ደሙን ያቆመዋል" የምትለዋን ብቻ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ታጥፋ የነበረችው ወረቀት በእንግሊዝኛ ናት፣ ፊደሏም ከጤፍ ያነሰ ነው። ኋላ ደምሴ ምስማር ጠቅልሎባት አገኘኋት።

ሦስቱን ቀን እንደታዘዝኩት ዋጥኩ፣ ደሙ ቀነሰ፣ ኪኒኑም አለቀ። እዚያ ላይ ማብቃት ነበረበት።

ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ላስረዳ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፣ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ። እናቲቱም ከአራስ ቤት ወጥታ ልጇን ይዛ ቤተ ክርስቲያን የምትገባው ያን ዕለት ነው፤ ደም እየፈሰሳት ግን አትገባም። የፊተኞቹ ልጆቼ ሁለቱም ሴቶች ናቸው። ሰማንያው ሲደርስ ደም የሚባለውን ነገር ከረሳሁት ቆይቼ ነበር። የወሊድ ደም ስንት ቀን እንደሚቆይ ቆጥሬ አላውቅም፤ መቁጠር የሚያስፈልገኝ ምክንያት አልነበረም። ይኸኛው ወንድ ሲሆን ጊዜ ቀኑ በግማሽ ተቆረጠብኝ።

ሃያኛው ቀን ላይ ጠፍቶ የነበረው ደም ተመልሶ መጣ። ትንሽ ነው፤ አሁን ሳውቀው እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ እንዲያ ሄድ መጣ ማለቱ የተለመደ ነው። ያን ጊዜ ግን ምድር ዞረብኝ። እማማ የሺ ለመጀመሪያ ወንድ የልጅ ልጃቸው ጌሾ አስወቅጠው ጨርሰዋል፣ ከዘመሮ ድረስ ዘመድ ጠርተዋል። "አንቺ ልጁን ይዘሽ ከፊት ትገቢያለሽ፣ እኔ ጥላ ይዤ እከተልሻለሁ" እያሉ በቀን ሁለቴ ይነግሩኛል። ለሳቸው ደሜ አልቆመም ብዬ መናገር አፈርኩ። ይኸው ነው፤ አፈርኩ።

እናም ባዶውን እሽግ ለደምሴ ሰጠሁት። "ገበያ ስትወርድ ይህን የመሰለ ግዛልኝ" አልኩት።

"ምንድን ነው?"

"የማኅፀን ነው።"

የማኅፀን ነው ከተባለ ወንድ ልጅ ሁለተኛ አይጠይቅም። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ያለችው ሴትም እሽጉን ገልብጣ አየችና "ለማን ነው?" አለችው። "ለባለቤቴ፤ ወልዳ ነው" አላት። "እንኳን ማርያም ማረቻት" ብላ አራት እሽግ ሰጠችው። ማዘዣ አልጠየቀችም፣ ከወለደች ስንት ቀኗ ነው አላለችም። ምርቃቱ ግን ሙሉ ነበር።

ኪኒኑ ሠራ። ሆዴን ቁርጠት ይዞ እንደታጠበ ጨርቅ ይጨምቀኛል፣ ደሙም ይቆማል። ደስ ብሎኝ አንድ ቀን ስተወው ተመልሶ ጠብ ይላል። ስለዚህ መተዉን ተውኩት። ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፤ ጸሎቴን ሳስታጉል ኪኒኔን አላስታጎልኩም።

በስድስተኛው ቀን ለልጁ መጠቅለያ ትሁን ብዬ ትንሽ ጠጉርና እንዝርት ይዤ ተቀመጥኩ። አራስ ሥራ አትሠራም፣ እኔ ግን እጄ ሥራ ሲፈታ ያመኛል። ክሩ ከጣቴ አመለጠ። ደግሜ ያዝኩት፣ አመለጠ። ክሩን አያለሁ፣ ጣቴንም አያለሁ፣ መነካካታቸው ግን አይሰማኝም። የጣቶቼ ጫፍ ነጥቷል፤ ጥፍሬ ሥር ደም ያለ አይመስልም።

"እማማ፣ ጣቴ ደነዘዘ" አልኳቸው።

እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። "በረዶ ሆነሻል እኮ። ብርድ ነው፤ ደጁን ክፍት እያደረጋችሁ" አሉ።

በኛ አገር ብርድ ያልተከሰሰበት በሽታ የለም። ሰው ሆዱን ቢያመው ብርድ ነው፣ ጆሮው ቢደነቁር ብርድ ነው፣ ከሚስቱ ቢጣላም አዳሩን ብርድ መቶት ነው። እርግጥ ነው መንዝ ይበርዳል፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጠዋት ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚገኘው። ስለዚህ አመንኩ። ባና ደረቡልኝ፣ በቅቤ አሹኝ፣ እግሬን ወደ ምድጃው አስጠጉልኝ። በማግስቱ እሳቱ ዳር ተቀምጬ የሆነ ነገር ሲያር ሸተተኝ። ለካ ፍም ተፈናጥሮ የእግሬ ጣት ላይ አርፏል። የነገረኝ ሽታው ነው፤ እግሬ አልነገረኝም። እማማ የሺም እኔም ደንግጠን ተያየን፣ ከዚያ እሳቸው "ብርዱ ምን ያህል እንደገባብሽ እይ" አሉኝ።

ከዚህ ሁሉ ያስፈራኝ ግን ጡቴ ነው። ልጁ ይጠባል፣ ይተዋል፣ ያለቅሳል፣ እንደገና ይጠባል። ሁለቱን ሴቶች አጥግቤ ያሳደግኩ ሰው ነኝ፤ ወተቴ ነጠላዬን አልፎ ቀሚሴን ያርስ ነበር። የአብሽ ውሃ፣ አጥሚት፣ ሙቅ፣ ያልጠጣሁት የለም፤ ሆዴ ይነፋል እንጂ ጡቴ ጠብ አይለውም። የልጁ እርግብግቢት ወደ ውስጥ መጎድጎድ ጀመረ። እጄን አናቱ ላይ አድርጌ ጉድጓዱን ልለካው እሞክርና ጣቴ አይሰማም፤ በከንፈሬ ነበር የምለካው።

የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ድረስ መጣች፤ ደግ ልጅ ናት። የዓይኔን ቆብ ገልብጣ አየችና "ደም አንሶሻል" ብላ የብረት ኪኒን ሰጠችኝ። እውነቷን ነው፣ አንሶኝ ነበር። "ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?" ብላም ጠይቃኛለች። "የለም" አልኳት። ልዋሻት ፈልጌ አይደለም። በኔ ቤት መድኃኒት ማለት የታመመ ሰው የሚውጠው ነው፤ እኔ የምውጠው ለክርስትናው ነው።

በማግስቱ ደምሴ ከተማ ወዳለ የግል ክሊኒክ ልውሰዳት አለ። እማማ የሺ "አራስ አርባዋ ሳይሞላ ከደጅ አትወጣም፤ በብርድ ላይ ብርድ ልትጨምርባት ነው?" ብለው ተቆጡ። በመጨረሻ በሦስት ነጠላና በአንድ ባና ጠቅልለው፣ እንደ ደንቡ አራስ ከክፉ መንፈስ እንዲጠብቃት የምትይዘውን ቁራጭ ብረት እጄ አስይዘው ለቀቁኝ። ያ ብረት መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቆብኛል። መውደቁን የማውቀው ድንጋይ ላይ ሲጮኽ ነው።

ክሊኒኩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስት ሰዓት ጠበቅን። አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ "ምን ሆነሽ ነው?" አለኝ፤ ነገርኩት። "ታይፎይድ ነው። እኔም እሱ ነው" አለ። ገብቼ ደም ሰጥቼ ስወጣ እውነትም ታይፎይድ ተባልኩ። ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድ ሳይባል የወጣ ሰው እስካሁን አላየሁም፤ ሰውዬው ተምሮ ቢሆን ወረፋውን ባሳጠረልን። ግፊቴን የለካው ባለሙያ "ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ፈርተሽ ነው" አለኝ። ሳል ስለነበረኝ ደግሞ ኤሪትሮማይሲን የሚባል መድኃኒት ጨመረልኝ። የምወስደው ነገር እንዳለ የጠየቀኝ የለም፤ ቢጠይቁኝም መልሴን ታውቁታላችሁ።

የሳሉን መድኃኒት በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ጣቶቼ ከነጭነት ወደ ሰማያዊነት ሄዱ፤ የትንሿ ጣቴ ጫፍ ላይ ጥቁር ነጥብ ወጣ። ከአልጋው እስከ በሩ ስራመድ ባቴን ጨምድዶ ይይዘኛል። ራሴን ይወቅረኛል፤ የበላሁት አይረጋም። ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። አንዷ ቡዳ አለች፣ አንዷ ምች አለች፣ አንዷ ደግሞ "የአራስ ቤት ነገር" ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ጠበል መጣልኝ። ጠበሉን እጠጣለሁ፣ ኪኒኔንም በዚያው በጠበሉ አወርደዋለሁ። አርባው ስድስት ቀን ነበር የቀረው።

ደምሴ ከአልጋ ሊያነሳኝ እጄን ያዘና ደነገጠ። "ይሄ የሰው እጅ አይደለም። ደብረ ብርሃን እንሄዳለን" አለ። እማማ የሺ ስለ አርባው ጀመሩ። ደምሴ እናቱ ላይ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ በትዳር ዘመናችን የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

"እናቴ፣ እሷን ቀብሬ ነው የምደግሰው?" አላቸው።

እማማ የሺ ተነሥተው ፌስታል አመጡና ከትራሴ ሥርና ከመደርደሪያው ላይ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ጠራርገው ከተቱበት። "እኔም አብሬ እሄዳለሁ፤ ልጁን ማን ይይዘዋል" አሉ። ኋላ ያዳነኝ ያ ፌስታል ነው፤ ስለዚህ አማቴን የማማ እንዳይመስላችሁ።

መንገዱ ሁለት ቀን ተዘግቶ ከርሞ ያን ጠዋት ገና መከፈቱ ነበር። በመዘዞ አድርገን፣ ጣርማበር ላይ መኪና ቀይረን ደብረ ብርሃን ገባን። ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ፊት የነበረው ሰልፍ ለንግሥ የመጣ ሕዝብ ያህላል። ቆሜ ግድግዳውን ተደግፌ ሳለሁ አንድ ዘበኛ እጄን አየ። ምንም አላለኝም፤ በጎማ ወንበር አስቀምጦ ሰልፉን ሁሉ አሳልፎ ወደ ድንገተኛ ክፍል ገፋኝ። የዚያን ሰው ስም አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዶክተሯ ቀጭን፣ ድምጿ የጎረነነ ሴት ናት። የእጄን አንጓ ይዛ የደም ትርታዬን ፈለገች፤ አጣችው። በግራ እጄ ሞከረች፣ በእግሬም ሞከረች።

እማማ የሺ ከኋላ ሆነው "ብርድ ነው ዶክተር" አሉ።

"ብርድ እንዲህ ትርታ አያጠፋም እናቴ" አለቻቸውና ወደኔ ዞረች። "የምትወስጂው መድኃኒት አለ?"

"ብረት፣ የታይፎይድና የሳል ብቻ" አልኳት። አሁንም፤ እዚያ ደርሼም።

እማማ የሺ ግን ፌስታሉን አልጋው ላይ ዘረገፉት። ብረቱ፣ የታይፎይዱ፣ የሳሉ፣ የጠበሉ ጠርሙስ፣ በመጨረሻ የኔ እሽጎች። ዶክተሯ ባዶዎቹን ጎን ለጎን ደረደረቻቸው።

"ይሄን ማን አዘዘልሽ?"

"ጤና ጣቢያ።"

"ይሄን ሁሉ?"

"የሦስት ቀኑን።"

"የቀረውንስ?"

"ራሴ ነኝ።"

"ለምን?"

"ለአርባው" አልኳት።

ወዲያው ገባት፤ ሌላ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ይሄ መድኃኒት የሚጨመድደው ማኅፀንን ብቻ አይደለም" አለችኝ። "የእጅና የእግርን የደም ሥር ያጠብባል፣ የልብንም ጭምር። ለጥቂት ቀን ሲሆን ሰውነት ይችለዋል፤ አንቺ ግን ከአሥር ቀን አልፈሻል። ግፊትሽን የሰቀለው፣ ራስሽን የሚወቅርሽ እሱ ነው። ወተትም ይቀንሳል። በዚያ ላይ የሳሉ መድኃኒት፣ ጉበትሽ ያኛውን ከሰውነትሽ እንዳያስወግድ ይከለክለዋል። ሁለቱ አብረው አይሰጡም። የዋጥሽው ሁሉ ውስጥሽ ተጠራቅሟል።"

"ጣቶቼስ?"

"አሁኑኑ እንጀምራለን፤ እናያለን" አለች። "እናያለን" የሚለው ቃል ከሐኪም አፍ ሲወጣ አልወደውም።

እማማ የሺ ልጁን እንዳቀፉ ሲያዳምጡ ቆይተው "ለመሆኑ ይሄ መርዝ ከምንድን ነው የሚሠራው?" አሉ።

"መርዝ አይደለም እናቴ፤ ከቦታው ሲያልፍ ነው። መጀመሪያ የተገኘው ከእህል ነው። እርጥበት ሲበዛ እሸቱ ላይ በፍሬው ፋንታ ጥቁር ነገር የሚያበቅል ሻጋታ አለ..."

"ረዘም ያለ? እንደ አይጥ ኩስ?"

"አዎ፣ እንደዚያ ያለ። ያውቁታል?"

አማቴ ልጁን ወደ ደረታቸው አስጠጉት። "እሱንማ እኔ ዕድሜ ልኬን ከገብሱ እየለቀምኩ እሳት ውስጥ የምጨምረው ነው" አሉ። "እናቴ ናት ያስተማረችኝ። እሱን የበላ ሰው ጣቱ ከሰል ይሆናል፣ ነፍሰ ጡር ታስወርዳለች ትለን ነበር። ልጆቼ እንዳይበሉት ዓይኔ እስኪደክም ለቅሜ ለቅሜ፣ ይቺ ገዝታ ትዋጠው?" ከዚያ ወደኔ ዞረው "ምነው ብትጠይቂኝ" አሉ።

ብጠይቃቸው ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። እሳቸውም ግዢ ይሉኝ ይሆናል፤ ኪኒኑ ነጭና ክብ ነው፣ ጥቁሩን ፍሬ አይመስልም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ብርድ የሚለውን ቃል ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም ነበር፣ እስከ አርባው ድረስ።

ኪኒኑንም የሳሉንም አስቆሙኝ። የደም ሥር የሚከፍት መድኃኒት ሰጡኝ፣ ደም እንዳይረጋ ደግሞ በመርፌ ሌላ ጨመሩልኝ። ማኅፀኔን በአልትራሳውንድ አዩ፤ የቀረ ነገር የለም፣ ደሙ የተለመደው የወሊድ ደም ነው ተባልኩ። ያን ሁሉ መከራ ያየሁት ምንም ላልሆነ ነገር መሆኑን ስሰማ ከጣቴ ይልቅ አንጀቴ አረረ። ደም ወደ ጣቶቼ መመለስ ሲጀምር ደግሞ ሕመሙ ከመደንዘዙ የባሰ ነው። በእሳት የተለበለበ እጅ ውሃ ሲነካው እንደዚያ ነው። ሦስት ቀን ጥርሴን ነክሼ አለቀስኩ። ነርሷ ግን እየሳቀች "እሰይ፣ ይመምሽ" ትለኛለች።

መድኃኒቱ ከሰውነቴ እስኪወጣ ልጁን እንዳላጠባ ተከለከልኩ። ያለችኝንም ጠብታ እያለብኩ እንድደፋ አዘዙኝ። የራበው ልጅ አጠገቤ እያለቀሰ ወተት መድፋት ምን እንደሚመስል የደፋች ታውቃለች። ነርሷ የዱቄት ወተት አገኘችለት። ከጎኔ የተኛች አንዲት የመርሐቤቴ ሴት ነበረች፣ በኦፕሬሽን የወለደች፤ የራሷን ልጅ አስተኝታ የኔን በሲኒ ጠብ ጠብ እያደረገች ታጠጣዋለች። እማማ የሺ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ይደፋባቸው ነበር። "ተይው፣ አንቺ ራስሽ ቁስለኛ ነሽ" ስላት "አፌ እያወራ እጄ ለምን ይፈታል" አለችኝ። እጇን እያየሁ እቀናባት ነበር።

በአራተኛው ቀን ልጁን ጡቴ ላይ አደረጉልኝ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቆይቶ ሲውጥ ሰማሁት። እማማ የሺ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

ክርስትናውን ምን እናድርገው ብሎ ደምሴ ለንስሐ አባታችን ለአባ ገብረ ሕይወት ስልክ የደወለው ያን ዕለት ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁላችንም እንድንሰማ አስቀመጠው፤ ሁሉንም ነገር ነገራቸው። 

"ለመሆኑ ማንን ጠይቃችሁ ነው?" አሉ አባ። "የሚጠመቀው ልጁ ነው። እሷ ደሟ ካልነጻ በደጅ ትቆማለች፣ ሲነጻ ትገባለች። በደጅ ቆሞ ጸሎቱ ያልተሰማለት ማን አለ? ክርስትና አባት እንደሆን ተፈልጎ ይገኛል። እናቱን ከየት ላምጣለት?"

ያን ሁሉ ቀን የንስሐ አባታችን ስልክ ቁጥር በደምሴ ኪስ ውስጥ ነበር። ጠበል ያስመጣነው ከሳቸው ደብር ነው። ሁሉን ነገር ጠይቀናቸዋል፣ ይህንን ብቻ አልጠየቅንም።

እንግዲህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በሉኝና ስሙኝ። ከወሊድ በኋላ ደም የሚያቆም ኪኒን ከተሰጣችሁ ለስንት ቀን እንደሆነ ጠይቁ፤ ያች ቀን ስትሞላ አበቃ። ባዶ እሽግ ማዘዣ አይደለም። ሐኪም የምትወስጂው አለ ወይ ሲላችሁ፣ መድኃኒት ነው ብላችሁ የማትቆጥሩትንም ንገሩት፤ አለዚያ እንደ አማቴ ፌስታሉን ዘርግፉት። ጣት ከቀዘቀዘና ከነጣ፣ ራስ ከወቀረ፣ ደረት ካፈነ፣ እሳት ዳር ቁጭ አትበሉ፤ ሂዱ። ደሙ ፓድ ወይም ጨርቅ እስኪያርስ ከበዛ፣ ከሸተተ ወይም ትኩሳት ካመጣ ደግሞ ያኔም ሂዱ እንጂ ገበያ ሰው አትላኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ የደበቅኩት መድኃኒቱን ነው፤ የባሰ ነው።

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ለቀቁኝ። በአርባኛው ማለዳ ደጀ ሰላሙ ላይ ደረስን። ደሜ አልቆመም ነበርና ከክርስትና ቤቱ ውጭ፣ ከጽዱ ሥር ቆምኩ። ከዘመሮ የመጡት ዘመዶች ይተያዩ ጀመር፤ እማማ የሺ "ምን ታያላችሁ? ከሞት የተመለሰች ናት" አሏቸው። ለኔ ሊይዙልኝ የነበረውን ጥላ ይዘው እሳቸውም ከኔው ጋር ከውጭ ቆሙ። "እርስዎማ ይግቡ እንጂ" አልኳቸው። "እከተልሻለሁ አላልኩም?" አሉኝ።

የልጁ ጩኸት ከውስጥ ተሰማ። ያ የመንዝ የማለዳ ውሃ ነው፤ ጎልማሳም ያስጮኻል። ክርስትና አባቱ ማዕተቡን አስሮለት፣ በነጭ ነጠላ ጠቅልሎ አመጣልኝ፤ ወደ ቅዱስ ቁርባን ይዞት ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ እንድስመው ነው። ተቀበልኩት። አናቱ ገና ርጥብ ነበር። እርግብግቢቱ ሞልቷል። ውሃው ከጸጉሩ ወርዶ በጣቶቼ መካከል ፈሰሰ።

ቀዘቀዘኝ።

ከትንሿ ጣቴ ጫፍ በቀር በሁሉም ላይ ቀዘቀዘኝ፤ አንድ በአንድ። ልጁን መልሼ ሰጥቼ እጄን ሳልጠርግ ዘርግቼ ቆምኩ። ነፋሱ ሲመጣ ይብስ ቆረጠኝ፣ ሰውነቴም ተንቀጠቀጠ። እማማ የሺ አዩኝ። ያን ሁሉ ቀን ያልጠሩትን ቃል ቀስ ብለው "በረደሽ እንዴ?" አሉና ነጠላቸውን ሊደርቡልኝ እጃቸውን ሰደዱ።

"አዎ፣ በረደኝ" አልኳቸው። "ይተዉት እማማ። ትንሽ ይብረደኝ።"